ስለ ሐይቁ ሲመከር ደሴቶቹም ይጠሩ

ለ፦ በደንበል (ዝዋይ) ሐይቅ ውሃ፣ ዓሣና አካባቢ ላይ የመወሰን ሥልጣን ላላችሁ የወረዳ፣ የዞን፣ የክልልና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፤ እንዲሁም በደሴቶቹ ለሚካሄደው ፕሮጀክት ገንዘብ ለመደባችሁ ወገኖች

ከ፦ በሐይቁ ደሴቶች ከምንኖር የዛይ ማኅበረሰብ አባላት፣ በፕሮጀክቱ አስተባባሪ በኩል የቀረበ

ጉዳዩ፦ በሌለንበት የሚወሰንብን ውሳኔ እንዲቆምና ድምፃችን እንዲሰማ ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፤

ይህን አቤቱታ የምጽፍላችሁ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ደግሞ የደሴቶቻችን ነዋሪ ድርቅን፣ የውሃ መሸሽንና እንቦጭን የሚቋቋምበትን አቅም ለማጎልበት የተቀረጸውን ፕሮጀክት የማስተባብር ሰው ነኝ። ፕሮጀክቱ የተገኘው በብዙ ደጅ ጥናት ነው፤ ለፍተው ላመጡልን ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው። የእኔም ደመወዝ የሚከፈለው ከዚሁ በጀት ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፌ ቅር ሊያሰኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ሆኖም ሽማግሌዎቻችንና እናቶቻችን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተሰብስበው «ሳታጋንን፣ ሳትደብቅ ጻፍልን» ብለው አደራ ጥለውብኛል። አደራ በልቶ ደግሞ ደሴት ላይ መኖር አይቻልም።

ደንበል አምስት ደሴቶች አሉት፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላና ፉንዱሮ ናቸው። ቋንቋችን ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር ይዛመዳል። ከጥንት ጀምሮ ዓሣ እያጠመድን፣ እየሸመንን፣ ድንጋያማውን ተዳፋት በእርከን እያረስን ኖረናል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው መጥተው ቱሉ ጉዶ ላይ 70 ዓመት እንዳኖሯት አባቶቻችን ይተርካሉ፤ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳምም የብራና መጻሕፍቱን ጠብቆ እስከ ዛሬ አለ። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ብዙው ወገናችን ወደ ሐይቁ ዳር ወጥቶ ከአርሲ ኦሮሞ ወንድሞቻችን ጋር ተጋብቶና ተዋልዶ ይኖራል። ደሴት ላይ የቀረነው ጥቂት ነን። ጥቂት ብንሆንም እዚህ ውሃ ላይ ትናንት የመጣን እንግዶች እንዳልሆንን እንድታውቁልን እንሻለን።

የሐይቁን ጠባይ በመሣሪያ የሚለኩ ባለሙያዎች አሏችሁ፤ እኛ የምናውቀው በእግራችንና በታንኳችን ነው። ደንበል ሰፊ ነው፣ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ጥልቀቱ ግን ከ9 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በአብዛኛው ቦታማ ከዚያ በጣም ያንሳል። እንደ ትሪ የተዘረጋ ሐይቅ ስለሆነ አንድ ክንድ ውሃ ሲጎድል ዳርቻው ብዙ ርቀት ይሸሻል። ውሃ የሚሰጡት ሁለት ወንዞች ናቸው፤ መቂ ከጉራጌ ተራሮች፣ ቀጣር ከአርሲ ተራሮች ይወርዳሉ። የሚወጣው ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢያታ ሐይቅ ነው። ዛሬ በሁለቱም ወንዞችና በሐይቁ ዙሪያ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲምና ለአበባ እርሻ ፓምፕ ያልተተከለበትን ቦታ መፈለግ ያደክማል። ዳር ላይ የሚያለማውን ገበሬ አንከስም፤ እሱም ልጆች አሉት፤ ከገበሬዎቹም ብዙዎቹ ዘመዶቻችን ናቸው። ነገር ግን የስንቱ ፓምፕ ፈቃድ እንደተሰጠ፣ በዓመት ምን ያህል ውሃ እንደሚሳብ፣ ሐይቁ ስንት ሜትር ላይ ሲደርስ ፓምፕ እንደሚቆም አንድም ቀን ተነግሮን አያውቅም። ጠይቀን «ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው» ተብለናል።

የውሃው መሸሽ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ግን ልንገራችሁ። በበጋ ማብቂያ ላይ ታንኳ ከደሴቱ ማረፊያ ርቆ በጭቃ ይያዛል። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ በእግር ነው። ጀሪካን በጀርባዋ ያዘለች እናት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ እየገባች፣ አንዱን እግሯን ነቅላ ሌላውን እየተከለች ትወጣለች። የምትቀዳው ዳር ላይ ከረጋው ሳይሆን ጥቂት ገባ ብላ ነው፣ የዳሩ ውሃ ይደፈርሳልና። ገባ ባለች ቁጥር ደግሞ ጉማሬ አለ። ይህ ውሃ ሳይጣራ የሚጠጣ ውሃ ነው። ከዳር ያሉ እርሻዎች የሚረጩት ኬሚካል ክረምት ላይ ወዴት እንደሚታጠብ ማንም ያውቃል፤ ናሙና የሚወስዱ ሰዎች መጥተው ጠርሙሳቸውን ሞልተው ሲሄዱም አይተናል። ውጤቱን ግን የሰማ ሰው ከመካከላችን የለም። ከምንጠጣው ውሃ ተቀድቶ የተመረመረ ነገር እንዴት ለእኛ ምስጢር ይሆናል?

አቢያታን ደግሞ ሁላችሁም አይታችኋል። የሚቀበለው የቡልቡላ ውሃ ሲያንስበት፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ ሲቀዳ፣ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣውም ጠፋ። ሻላ ሐይቅ ላይ የሚራቡት ፔሊካኖች እንኳ ለልጆቻቸው ዓሣ ፍለጋ ከአቢያታ አልፈው ወደ ደንበል መምጣት ግድ ሆነባቸው። ወፍ ክንፍ አለው። ደንበል የአቢያታ ዕጣ ቢደርሰው ቱሉ ጉዶ ተነሥቶ አይሄድም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችን ልግባ። ባለፈው ጊዜ የሐይቁን ዳርቻ ስለመከለልና ስለ ውሃ አጠቃቀም የሚመክር ስብሰባ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተጠራ። ጥሪው የደረሰን በዋዜማው ማታ በስልክ ነው። ደሴት ላይ ያለ ሰው በማግሥቱ በሁለት ሰዓት ተኩል አዳራሽ ለመገኘት ሌሊት መነሣት አለበት፤ በዚያ ሌሊት ደግሞ ነፋስ ነበር። የላክናቸው ሁለት አባቶችና አንዲት እናት ረፋድ ላይ ልብሳቸው እንደረጠበ ሲደርሱ ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ተሰብሳቢው ሻይ ላይ ነበር። ወረቀቱ ላይ «የደሴቶቹ ማኅበረሰብ ተወካዮች ተገኝተው በሐሳቡ ተስማምተዋል» የሚል ሰፍሯል። ክቡራን ሆይ፣ ያን ጊዜ ወንበር ላይ የተቀመጠ የደሴት ሰው አልነበረም። የመጡት እናት «እንግዲያው የተስማማነው ምንድን ነው? አንብቡልንና እናውቀው» ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ የአበል መፈረሚያ ቅጽ ነው። አልፈረሙም፤ አበሉንም አልተቀበሉም። ያ ቃለ ጉባኤ እንዲሰረዝ ወይም እንዲታረም በዚህ ደብዳቤ በይፋ እንጠይቃለን፤ ያልተናገርነው ቃል በስማችን ፋይል ውስጥ መኖር የለበትምና።

የራሴ ፕሮጀክትም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም። ዕቅዱ ተጽፎ የመጣው እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው። ነዋሪውን ሰብስቤ «ከሁሉ በፊት ምን ይቅደም?» ብዬ ስጠይቅ በአንድ ድምፅ የተነገረኝ ሦስት ነገር ነበር፤ የሚጠጣ ውሃ፣ ማዕበል የሚችል ጀልባ፣ የእንቦጭ ነገር። በሰነዱ ላይ ግን ትልቁን ገንዘብ የወሰደው ሥልጠና ነው፤ እሱም ደሴት ላይ የሚሰጥ ሳይሆን ከተማ ውስጥ የሚሰጥ። ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው ገንዘብ ለማዛወር ደብዳቤ ጻፍሁ። በጀት ዓመቱ ሊያልቅ ስለሆነ አይቻልም ተባልሁ። በሚቀጥለው ዓመት ስጠይቅ ዕቅዱ ጸድቋል ተባልሁ።

ውሃውን በተመለከተ አንድ ሥራ ተሠርቷል፤ እሱን መካድ አይገባም። በፀሐይ ኃይል ከሐይቁ የሚስብ ፓምፕ፣ ማጣሪያና ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሮቶ ተተክሎልናል። ሥራ በጀመረበት ሰሞን ሕፃናት ከቧንቧው ሥር ተሰልፈው እጃቸውን እያጠቡ ሲስቁ አይቻለሁ፤ ያን ሳቅ ለማየት ብዙ ሰው ለፍቷል። ብዙም ሳይቆይ ግን ማጣሪያው በደለል ተደፈነ። መቂ በየክረምቱ የሚያወርደው አፈር ሐይቁን እንደሚያደፈርሰው የደሴቱን ሰው ማንም ቢጠይቀው ኖሮ፣ መሳቢያው ከዳር ራቅ ብሎ ይተከል፣ አሸዋ ማሳለፊያም ይጨመርበት ብለን በነገርን ነበር። መለዋወጫው እዚህ አይገኝም፤ ለጥገና የተያዘ ገንዘብም የለም። ሪፖርቱ ላይ ሥራው «ተጠናቋል» ይላል፤ ሮቶው ባዶውን ቆሟል። አንዳንዶች የከርሰ ምድር ውሃ ይቆፈር ይሉናል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት፣ ጥርስ እንደሚያበላሽና አጥንት እንደሚያጣምም ግን እናንተም ታውቃላችሁ። የምንለምነው አዲስ ነገር አይደለም። ያለው ይጠገን፣ ከመንደራችን ሁለት ወጣቶች ጥገናውን ይሠልጥኑ፣ የመለዋወጫው ገንዘብም በእጃችን ይሁን።

እርከኑም እንደዚሁ ነው። የቱሉ ጉዶን ወገብ የከበበው የድንጋይ እርከን የአባቶቻችን ሥራ ነው፤ ትልልቁ ድንጋይ ከሥር፣ ከኋላው ጠጠር፣ ከላይ አፈር፤ ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ያስቀራል። በብዙ ቦታ ፈርሷልና ይጠገንልን አልን። ከደጋ ወረዳ የተቀዳ የአፈር ክትር ንድፍ መጣልን፤ በሜትር ተለክቶ የሚከፈልበት። ድንጋይ ላይ የተቆለለ አፈር የመጀመሪያውን ክረምት አልተሻገረም። እርከን መካብ የሚያውቁ አዛውንት አሁንም በሕይወት አሉ፤ የሚከፈለው ለእነሱ ሆኖ፣ ከእነሱም ልጆቻችን ቢማሩ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ በሠራ ነበር።

ከሁሉ የከፋው እንቦጭ ነው። አገራችን ይህን አረም ታውቀዋለች፤ ቆቃና አዋሽ ላይ የታየው ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ነው፣ ጣናን ምን እንዳደረገውም ተነግሮ አያልቅም። እኛ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ሐምራዊ አበባውን አይተው የወደዱት ሕፃናት ነበሩ። ዛሬ የሞተር ጀልባ እንቦጩ መሐል ሲገባ ሥሩ ከፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። ሞተሩ ይጠፋል። ነጂው ቢላዋ ይዞ ውሃው ውስጥ ይወርድና ሥሩን እየጎተተ፣ እየቆረጠ፣ እጁ እየተላላጠ ያጸዳዋል። ጥቂት ይሄድና እንደገና ይወርዳል። እንቦጩ መረባችንንም ይዞት ይሄዳል። ቆሮሶ የሚራባበትን ጥልቀት የሌለውን የዳር ውሃ ከላይ ይሸፍነዋል፤ ቀድሞ ዓሣውን ያስጠልለው የነበረውን ፊላና ደንገል ደግሞ ውሃው በሸሸበት መሬት ላይ የሚያርሰው ሰው አጭዶታል።

ለእንቦጭ የሚደረገው ዘመቻ ነው። አንድ ቀን ብዙ ሰው በመኪና ይመጣል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ካሜራ ይቀርጻል፣ አረሙ ተነቅሎ ዳር ላይ ይከመራል፤ ዝናብ ሲመጣ ከክምሩ ግማሹ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ለመጡት ሁሉ አክብሮት አለን፤ ከልባቸው ነው የመጡት። ነገር ግን ይህ አረም ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ የሚሆን፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ የሚነሣ ነው። የአንድ ቀን ዘመቻ አይፈራም። የሚፈራው በየሳምንቱ ሳይታክት የሚነቅለውን ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከደሴት የትም የማይሄድ ሰው ነው። እያንዳንዱ ደሴት የራሱን ዳርቻ የሚጠብቅ ቋሚ ቡድን ቢኖረው፣ ለቡድኑ የቀን ሥራ ክፍያ፣ ጓንት፣ ቦቲ ጫማና ጭነት የሚችል ጀልባ ቢሰጠው፣ የተነቀለውም ከውሃው ርቆ ደርቆ ለእርከኑ ብስባሽ ቢሆን እንችለዋለን። ዝርዝሩን በወረቀት አድርገን አስገብተናል። ገቢ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጃችን አለ። መልስ የለንም።

ስለ ዓሣው ባጭሩ እላለሁ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ ግን ቀዳዳው የጠበበ ቀጭን የናይሎን መረብ በገበያ በግልጽ ይሸጣል። ዐቢይ ጾም ሲመጣ የዓሣ ዋጋ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ የማናውቀው አጥማጅ ሁሉ ሌሊት ሐይቁን ይሞላዋል። እኛ በመራቢያ ወራት መረባችንን ለመሰብሰብ በጉባኤ ተስማምተናል። የሌላውን ሰው መረብ ግን የመያዝ ሥልጣን የለንም፤ ብንነካው ጠብ ነው። የሐይቅ ጥበቃ ኮሚቴያችን በሕግ ይታወቅልን፤ ከፖሊስም ጋር አብሮ ይሥራ።

ስለ ጀልባው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ደንበል የሚያስፈራ ውሃ ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ከተማ ሆስፒታል የምንወስደው ያገኘነውን ጀልባ ለምነን፣ ነዳጅ አዋጥተን ነው። አራት ሰው ዙሪያዋን ነጠላ ይዞ ከሚረጨው ውሃ ይከልላታል፣ አንዱ የሚገባውን ውሃ በጣሳ እየቀዳ ያፈሳል፣ አዋላጇ በአንድ እጇ የጀልባውን ጠርዝ፣ በሌላው የሴትዮዋን እጅ ትይዛለች። ላይፍ ጃኬት የለበሰ ሰው የለም፤ የሚለበስ የለምና። ለአንድ ጠንካራ፣ ጣሪያ ያለው የድንገተኛ ጀልባና ለነዳጁ የሚበቃው ገንዘብ ከፕሮጀክቱ የአዳራሽ ኪራይና አበል ቢቀነስ ይገኛል። ሒሳቡን ሠርቼ አቅርቤአለሁ፤ የሠራሁትን ተሳስቷል ያለኝ የለም።

ልጆቻችን በቋንቋቸው የተጻፈ አንድም የንባብ መጽሐፍ በእጃቸው የለም። ተረቱን፣ የዓሣውንና የነፋሱን ስም የሚያውቁ አዛውንት ሳያልፉ በድምፅ እንዲቀረጹ የጠየቅነው አነስተኛ ገንዘብ «ከፕሮጀክቱ ዓላማ ጋር አይሄድም» ተብሎ ተመልሷል። ነፋሱ መቼ እንደሚነሣ፣ ዓሣው የት እንደሚራባ የሚነግረን ይኸው ቋንቋ ስለሆነ እንደገና እንዲታይልን እንጠይቃለን።

ክቡራን ሆይ፤ እኛ ሕግ አዋቂዎች አይደለንም። ቢሆንም የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት እንዳለን፣ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ እንደሚገባን፣ በአንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲተገበር የሚመለከተው ሕዝብ እንዲመክርበት ይደነግጋል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሌላው አጠቃቀም ሁሉ እንዲቀድም ያዛል። የምንጠጣው ደንበልን ነው። እንግዲያው ከአበባውም ከቲማቲሙም በፊት መታሰብ ያለበት የዚያች እናት ጀሪካን ነው ብንል ሕጉን ደገምን እንጂ አልደፈርንም።

ስለዚህ በትሕትና፣ ነገር ግን ወደ ኋላ ሳንል የምንጠይቀው ይህ ነው። በሐይቁ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ስብሰባ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት በጽሑፍ ይነገረን፤ በየተራም ደሴት ላይ ይካሄድ፤ ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት በምንሰማው ቋንቋ ይነበብልን። የሐይቁ ከፍታና የውሃው ምርመራ ውጤት በየወሩ ማረፊያው ላይ ይለጠፍ። ሐይቁ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ትልልቆቹ ፓምፖች ቀድመው የሚቆሙበት ደንብ ይውጣ፣ ደንቡም ሲረቀቅ እንኑርበት። የፕሮጀክቱ ቀሪ በጀት የደሴቶቹ ጠቅላላ ጉባኤ በወሰነው ቅደም ተከተል እንዲታረም ይፈቀድ፤ ሒሳቡን በየሦስት ወሩ ለሕዝቡ በአደባባይ አነብባለሁ፣ ማንኛውም መርማሪ በፈለገ ቀን ይምጣና ይየው። የሚቀጥለው ምዕራፍ ዕቅድም እኛ ሳንሰበሰብበት እንዳይጸድቅ።

ይህ አቤቱታ በየደሴቱ ተነብቦ፣ የተቃወመ ተናግሮ፣ የታረመው ታርሞ የተፈረመ ነው። መጻፍ የማይችሉት በጣት አሻራቸው አረጋግጠዋል፤ የፊርማው ዝርዝር ተያይዟል። መልሳችሁን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ካልደረሰን አቤቱታውን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የምናቀርብ መሆኑን ከአክብሮት ጋር አስቀድመን እናሳውቃለን። ቦታውን መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ኃላፊ ጀልባ በማንኛውም ቀን ጧት እንልካለን፤ ከቀትር በፊት ለመመለስ እንዲመች ግን ከ12 ሰዓት ተኩል ባይዘገይ እንለምናለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የደሴቶቹ ነዋሪዎች ጉባኤ
እና የፕሮጀክቱ አስተባባሪ